ቡኪንግ ትኬት አይደለም

አምና ካናዳ ልጄ ዘንድ ልሄድ ሻንጣዬን ይዤ ከመካ ጅዳ ኤርፖርት ወረድኩ። «ቡኪንግሽ ተሰርዟል፣ ትኬትም አልተቆረጠልሽም» አሉኝ። የአራት ወር ደመወዜን የበላው ደላላ ስልኩን ዘግቷል።

ስሙኝማ! በቡኪንግ ወረቀት ላይ ያለው ባለ 6 ፊደልና ቁጥር ኮድ ቦታ መያዙን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሳይከፈል ከቆየ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት ግን 13 አሃዝ ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071፣ የሳዑዲያ ከሆነ በ065 ይጀምራል። ስትከፍሉ ይህን ቁጥርና ደረሰኙን ሳትይዙ ከቢሮው እንዳትወጡ። «ማታ በዋትሳፕ እልካለሁ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ከዚያም ወደ አየር መንገዱ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ማንበብ የሚከብዳት እህት ወረቀቱን ይዛ ማኅበራችን ትምጣ፣ አብረን እናየዋለን። እኔን ያያችሁ ተቀጡ።