ዘግይቶ ለመጣ ተማሪ ኮሌጅ ስለ መምረጥ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ማስተማር ዘዴ እናገራለሁ ብላችሁ እንደ ገመታችሁ አውቃለሁ፤ በመምህራን ማሠልጠኛ የሚያስተምር ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይናገራል? እኔ ግን የመረጥሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ፥ ነገር ግን በየዓመቱ የፈተናው ውጤት ከተነገረ በኋላ በደጃፋችን የሚቆመውን ጉዳይ ነው። ይኸውም ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ገንዘቡ ጥቂት፥ ውጤቱም ዝቅ ያለ ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ «መምህር፥ ወዴት ልግባ?» ብሎ የሚጠይቀን ጥያቄ ነው።

ቀድሞ ይህ ጥያቄ በዚህ መልኩ አይጠየቅም ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ምግቡም መኝታውም የመንግሥት ነበር። ያን ጊዜ የሚያስጨንቀው መግባቱ እንጂ መምረጡ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን፥ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል አደረገ። ይህ ዕዳ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሚከፈለው ደመወዝ ከተገኘ በኋላ ስለ ሆነ አባት በሬ አይሸጥበትም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በር ውጭ የቀረው ልጅ ግን የሚከፍለው ዛሬ ነው፤ የሚከፍለውም በጥሬ ገንዘብ ነው።

ከበሩ ውጭ የቀሩት ስንት ናቸው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ ፈተናው የተሰጠው በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፥ ውጤቱም የተነገረው በጥር ወር ነበር። 900,000 ገደማ ከሚሆኑት ተፈታኞች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። መንግሥት ከ50 በታች ካመጡት መካከል ለተወሰኑት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ከፍቶላቸዋል፤ የተጠቀሙበትም ብዙዎች ናቸው። ስለ ፈተናው ጥብቅነት ዛሬ አልከራከርም፤ እኔ በበኩሌ ኩረጃው እንዲቀር መደረጉን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን በዚያ ጥር ወር የዘገየው ተማሪው አልነበረም፤ ውጤቱ ነበር። መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ኮሌጆች ትምህርት ጀምረው ሳለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኑሯቸውን እንዲመርጡ ተገደዱ፤ በየከተማው በመኪና ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያም «የመጨረሻው ዕድል» እያለ ይጮኽ ነበር።

በዚያው ወር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሴት ልጃቸው ጋር ወደ ቤቴ መጡ። ልጅቱን ወደ ማሠልጠኛው ከመዛወሬ በፊት ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬአት ነበር። አባትየው ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን በቅዳሜ ገበያ ሸጠው ገንዘቡን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። «መምህር፥ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ልጄን ወዴት ልስደዳት? ምዝገባው ዓርብ ያልቃል ብለውኛል» አሉኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ የአንድ የግል ኮሌጅ ስም ጠራሁላቸው። ለምን እርሱን እንደ ጠራሁ በኋላ ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ የሚያሳፍር ነው። ኮሌጁ ለከተማችን መምህራን በዘመን መለወጫ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ዐድሎን ነበር፤ ያም ቀን መቁጠሪያ ከተቀመጥሁበት ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። ወርኃዊ ክፍያው ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ከዚህ በቀር የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም።

ልጅቱ በደረጃ ሥልጠና ፋርማሲ ለመማር ተመዘገበች። ሦስት ወሰነ ትምህርት ከተማረች በኋላ ስለ ብቃት ምዘናው ስትጠይቅ ነገሩ ተገለጠ። ኮሌጁ ፈቃድ ነበረው፤ ፈቃዱ ግን በሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፉና ለሌላ የሙያ መስክ የተሰጠ ነበር። በመስተዋት ተደርጎ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት እውነተኛ ወረቀት ነበር፤ የእርስዋን ትምህርት ግን አይመለከትም። አባትየው ገንዘቡን ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በአራተኛው «የመኪናው ዋጋ ከሚመለስልኝ ይበልጥብኛል» ብለው ተዉት። እኔን አንድ ቃል አልወቀሱኝም። እንዲያውም ለጥምቀት ቤታቸው ጠርተው በእጃቸው ጠላ ቀድተውልኛል፤ ያንን ጠላ መጠጣት ምን ያህል እንደ ከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ። ያንን ወረቀት ማንበብ የነበረበት ማን ነው?

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ልናገር። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፥ ለእያንዳንዱ ደረጃ፥ ለእያንዳንዱ ግቢ፥ ለትምህርቱም አሰጣጥ፥ ማለት ለመደበኛው ወይም ለርቀቱ፥ ለየብቻው የሚሰጥ ነው፤ የሚያበቃበትም ቀን አለው። ለዲግሪ ትምህርት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን የቴክኒክና ሙያው በየክልሉ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁሉም «አዎን» ይላል፥ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የሚጠየቀው «ይህ ትምህርት፥ በዚህ ደረጃ፥ በዚህ ግቢ፥ እስከ መቼ?» ተብሎ ነው። የሚጠየቀውም ኮሌጁ ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው ነው። በቅርቡም የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ዳግም እንዲመዘገቡ በታዘዘ ጊዜ ያላሟሉት ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ያምናው ዝርዝር ለዘንድሮ አያገለግልም።

ሁለተኛው ነገር መውጫው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ፥ የመንግሥትም ሆነ የግል፥ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። የወደቀ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ቢሆንም እስኪያልፍ ድረስ ያለው ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚቆይበት ጊዜ ነው፥ እርሱም ከትምህርቱ ዋጋ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ርካሽ ነው የተባለውን ኮሌጅ «ባለፈው ዙር ከዚህ መስክ ስንት አስፈተናችሁ? ስንቱ አለፈ?» ብለን ብንጠይቀው ምንም ነውር የለበትም። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ መልስ ሰጥቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። የሚከተለው ቁጥር ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው። አንዱ ኮሌጅ በወር 2,000 ብር ይጠይቃል፥ ተማሪዋ ግን በዚያ ከተማ አክስት አላት። ሁለተኛው በወር 1,100 ብር ይጠይቃል፥ በዚያ ከተማ ግን ዘመድ የላትም። ዘግይቶ የመጣ አባት የሚያየው በወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ነውና ሁለተኛውን ይመርጣል። ቁጭ ብለን ለዐሥር ወር ብናሰላው ግን፥ በመጀመሪያው ትምህርቱ 20,000፥ ታክሲው 4,000፥ ለአክስቲቱ ቤት የእህል እርዳታ 10,000 ብንል 34,000 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ትምህርቱ 11,000፥ የአንዲት ክፍል ኪራይ በወር 1,500 ብንል 15,000፥ ምግቡ በወር 3,000 ብንል 30,000፥ ድምሩ 56,000 ብር ነው። በዚህ ላይ ገና ያልገቡ አሉ፤ የመመዝገቢያው፥ የደንብ ልብሱ፥ የተግባር ልምምዱ፥ የብቃት ምዘናው፥ የምረቃ ልብስ ኪራዩ። ፍራሽ አለ፤ ምጣድም አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ዓመት ማባዛት ያስፈልጋል፤ ኪራይም በየዓመቱ ይጨምራል። አባትየው ያለው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ተኩል ብቻ የሚበቃ ከሆነ፥ ዛሬ ተነግሮት ማወቁ በሁለተኛው ዓመት መካከል ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ስትመለስ ከማወቁ ይሻላል። ይህ ሒሳብ ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አይበልጥም። የሚጎድለው አብሮ ቁጭ የሚል ሰው ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የገንዘብ አሰጣጥ ደግሞ ተማሪዎችን በቤተሰባቸው አቅም በየክፍሉ መድቦ እርዳታውንና ብድሩን በዚያው መጠን የሚሰጥ ነበር። ብዙ ቅሬታ ተነሥቶበት ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ቢያንስ «የቤተሰብህ አቅም ምን ያህል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አካል ተገኝቷል። በእኛ ዘንድ በግል ኮሌጅ በር ላይ ለቆመ ልጅ ይህን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የለም። ካለም የክፍሉ አለቃ የነበረው መምህር ነው።

ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ደግሞ ሁልጊዜ የማይነገሩት ሁለት ምርጫዎች አሉት። አንዱ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ክፍያው ከግሉ እጅግ ያነሰ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለቤት ይቀርባል። ነገር ግን «የወደቀ የሚገባበት ነው» ይባላል፤ ይህን የሚለውም፥ ይቅርታ አድርጉልኝና፥ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከማንም ይልቅ እኛው ነን። ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ልጅ የእኛን ቤት ሲሠራ የምንከፍለውን ግን እናውቃለን። ሁለተኛው ምርጫ መጠበቅ ነው። ዓርብ ያልቃል የተባለ ምዝገባ በሚመጣው መስከረም ደግሞ ይከፈታል። አንድ ዓመት ሥራ እየሠራ፥ ገንዘብ እያጠራቀመ፥ ፈተናውንም ደግሞ እየተዘጋጀ የቆየ ልጅ ዓመቱን አላቃጠለም። እርግጥ ነው፥ ይህ ምክር ለሴት ልጅ በገጠር ሁልጊዜ አይሠራም፤ እቤት የተቀመጠች እንደ ሆነ ሽማግሌ ይላክባታል። ስለዚህ «ቆዪ» ስንል የምትቆይበትን ቦታና ሥራም አብረን ማሰብ አለብን እንጂ ቃሉን ብቻ ወርውረን መሄድ አይገባንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ ባለኝ። ባለፈው ዓመት የአንድ ኮሌጅ ወኪል ነኝ ያለ ሰው ለማስመዘግበው ለእያንዳንዱ ተማሪ ገንዘብ እንደሚከፍለኝ በስልክ ነገረኝ። አልተቀበልሁም። አለመቀበሌን ግን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጥረውም፥ ቀን መቁጠሪያውን ተቀብዬ ነበርና። ደመወዛችን ምን ያህል እንደ ሆነ በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ ስለዚህ የተቀበለውን ወንድሜን ለመኰነን አልቸኩልም። ያ ገንዘብ የሚወጣው ግን ከኮሌጁ ኪስ ሳይሆን ከዚያ ከጋቢው ጫፍ መሆኑን ሁላችን እንወቀው። የማኅበራችን መሪዎችም ይህን ነገር በግልጽ የሚከለክል አንድ መስመር በመተዳደሪያችን ውስጥ እንዲያስገቡ በዚህ ጉባኤ ፊት እጠይቃለሁ።

ከትምህርት ኀላፊዎች የምለምነው ቀላል ነው። ውጤት በተነገረ በማግሥቱ በእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ለሦስት ቀን ተከፍታ ሁለት መምህራን ይቀመጡባት፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እየገቡ ሒሳቡን አብረው ያስሉ። ወረዳው የዓመቱን የፈቃድ ዝርዝር አስመጥቶ በበሩ ላይ ይለጥፍ። ከዚህ የሚበልጥ በጀት አያስፈልገውም።

ያች ልጅ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በከተማችን የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገባች። ፋርማሲ እዚያ የለም፤ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። የምትፈልገው እርሱን አልነበረም፥ ዛሬም ፋርማሲ ቤት ባለፈች ቁጥር ቀና ብላ እንደምታይ ነግራኛለች። አባትዋ አሁንም የሚያርሱት ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ደብተር ይዘናል። ወደ ኮሌጅ ከሄዱት ተማሪዎቻችን እያንዳንዱ የት እንደ ገባ፥ በዓመቱ መጨረሻ በእርግጥ ስንት እንዳወጣ፥ ጨርሶ እንደ ሆነ ወይም አቋርጦ እንደ ሆነ፥ ያቋረጠም በምን ምክንያት እንደ ሆነ በስልክ እየጠየቅን እንጽፋለን። የተማሪዎቹ ስም በቁጥር ተተክቷል። እስከ አሁን 41 ልጆች ተመዝግበውበታል፤ ብዙ አይደለም፥ ከአንድ ከተማ የተሰበሰበ ነው። ደብተሩን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ለሻይ ስንወጣ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ፤ የአሰማመሩን ዘዴ መቅዳት የሚፈልግ ይቅዳ፥ የእናንተን ከተማ ኮሌጆች የምታውቁም በመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ላይ ጻፉልኝ።