ሲሳካለት የሚሰወር ባለሙያ
ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርይ ስለ ተጫወቱበት ዘመን በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የከተማይቱ የመድረክ ታሪክ የተዘረጋበት መንገድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በላይኛው ጫፍ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣልያዊ አርክቴክት በነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ የቴአትር አዳራሽ አለ፤ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ሲጀምር ስቱዲዮው የነበረው በዚሁ ሕንፃ ነው። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በፒያሳ የሀገር ፍቅር ቴአትር ይገኛል። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲቃረቡ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ይታያል። ስለዚህ መድረኩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ሠፈር ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ከሁለቱም ጋር ይያያዛል። ይኸውም ወንድ ተዋናይ የሴት ልብስ ለብሶ፣ የሴት ጠባይ ይዞ በሕዝብ ፊት መታየቱ ነው። በዛሬው ዓለም ይህ ነገር ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ባሕር ማዶ፣ በተለይም ወደ አሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ግን ነገሩ ቴሌቪዥን ሳይመጣ ተሠርቶበት፣ አገልግሎ፣ ዘመኑን ጨርሶ አልፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት አንድ የጎደለ ነገር ያሳያል።

በመጀመሪያ ስለ ውጭው ጥቂት መግለጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2009 በአሜሪካ «የሩፖል ድራግ ሬስ» የተባለ የቴሌቪዥን ውድድር ተጀመረ። «ድራግ» የሚባለው ባለሙያው የሴትን አለባበስ፣ አረማመድና አነጋገር አጉልቶና አጋንኖ ለትርኢት የሚያቀርብበት የመድረክ ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ዙር 9 ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። የመጀመሪያው ፈተናቸው ከአሮጌ ልብስ መሸጫና ከርካሽ ዕቃ መደብር በተገኘ ነገር የክብር ልብስ ማዘጋጀት ነበር። በየክፍሉ ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት ሁለቱ በአንድ ዘፈን ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በዳኞች ፊት ይፋለማሉ፤ የተሸነፈውም ይሰናበታል። በፍጻሜው ያሸነፈው በመድረክ ስሙ ቢቢ ዛሃራ ቤኔ የተባለው የካሜሩን ተወላጅ ነው። የዚህ ውድድር የመጀመሪያው ዘውድ የአፍሪካ ልጅ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ውድድሩ የሚወደድም የሚጠላም ነው፤ በኢትዮጵያም ብዙ ሰው ከባህሉና ከሃይማኖቱ አንጻር እንደማይቀበለው የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ፍርድ መስጠት የዚህ ንግግር ዓላማ አይደለም። ለሙያ ሰው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ውድድሩ ሥራውን ከነአሠራሩ ያሳያል። ተመልካቹ መርፌውን፣ ሰው ሠራሽ ጠጕሩን፣ በመስታወት ፊት የሚያልፈውን ረጅም ሰዓት አይቶ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱን ይመዝናል። የባለሙያው ስም፣ ድካሙና የተሰጠው ፍርድ ሁሉ ተቀርጾ ይቀመጣል። በአገር ውስጥም «ባላገሩ አይዶል»ና «ፋና ላምሮት» ለድምፃውያን ያደረጉት ይህንኑ የመሰለ ነው፤ ተመልካቹ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የዘፋኙን መንገድ ጭምር አውቋል።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። በዘመናዊ መልኩ የመጀመሪያ የሚባለው የአማርኛ ተውኔት፣ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተደረሰው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ታየ። ተዋናዮቹ በአውሬ ስም ስለሚናገሩ የሴትና የወንድ ጥያቄ ጎልቶ አልወጣም ይሆናል። ጥያቄው የግድ የመጣው በኋላ፣ ተውኔት በትምህርት ቤቶች ውስጥ ሥር መስደድ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር፤ ለልጃገረዶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ዮፍታሔ ንጉሤን የመሳሰሉ መምህራን ድርሰታቸውን ለመድረክ ሲያዘጋጁ በእጃቸው ያሉት ተማሪዎች ወንዶች ነበሩ። ድርሰቱ እናት፣ ሚስት ወይም ሙሽራ ሲፈልግ ቀሚሱን የሚለብስ ወንድ ልጅ መመረጡ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ ትምህርት ቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልማዱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ባልወጣም ነበር። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ፣ ከወረራው በኋላም እንደገና ሥራ ጀምሮ ቴአትር ለሕዝብ ሲያሳይ ልማዱ ቀጠለ። ሁለተኛው ምክንያት የኅብረተሰቡ አመለካከት ነበር። በአደባባይ የሚጫወት ሰው «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ በነበረበት ዘመን፣ ለሴት ንቀቱ እጥፍ ነበር። ባልዋ ያልሆነውን ሰው በሕዝብ ፊት «ባሌ» ብላ መጥራት፣ በጨዋታም ቢሆን፣ ስሟን የሚያጎድፍ ሆኖ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የተጻፈውን ቃል የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልጠፋም። ሆኖም መድረኩ ነገሩን ታገሠ። ኅብረተሰቡ ወንድ በሴት ልብስ መቆሙን ሲታገሥ፣ ሴት በገዛ ልብስዋ መቆሟን ግን አልታገሠም። እንግዲህ የዚያን ዘመን አሠራር እንደ ተራ ቀልድ ማየት ስሕተት ነው፤ ቀሚሱ በመድረክ ላይ ነበረ፤ ባለቤትዋ ግን በር ላይ ተከልክላ ነበር።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ብቻዋን አይደለችም። በእንግሊዝ አገር የሼክስፒር ሴት ገጸ ባሕርያት ሁሉ መጀመሪያ የተጫወቱት በወንዶች ልጆች ነው፤ በለንደን ሙያተኛ ሴት በመድረክ ላይ የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1660 በኦቴሎ ውስጥ ዴዝዴሞናን ሆና ነው። በጃፓን ደግሞ ካቡኪ የተባለውን ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1603 ገደማ የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ስትሆን፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶችን ከመድረክ ስለ ከለከለ ሥራው ለወንዶች ቀረ፤ እስከ ዛሬም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፋል። በቻይና ሜይ ላንፋንግ የሴት ገጸ ባሕርይ በመጫወት ስሙ በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ድረስ ሄዶ አሳይቷል። እነዚህ አገሮች ሥራውን በስም መዝግበውታል።

የአዲስ አበባው ተዋናይ የነበረበት ፈተና ከእነዚህ ያነሰ አልነበረም። የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ መቀነት መታጠቁ ቀላሉ ክፍል ነው። ነጠላ አለባበስ ራሱ ቋንቋ ነው፤ በበዓል፣ በቤተ ክርስቲያንና በሐዘን የሚለበስበት መንገድ ይለያያል፤ ጥለቱ ወዴት እንደሚውል የማያውቅ ተዋናይ ገና አፉን ሳይከፍት ይጋለጣል። ሻሽ አስተሳሰር፣ ቡና ሲቀዳ የእጅ አያያዝ፣ በእንግዳ ፊት የዓይን አጣጣል፣ የእልልታው ቅጥነትና የሙሾው ቅላፄ ሁሉ ከእናትና ከእኅት የሚቀሰም ትምህርት ነው። ይህን የሚያውቅ ወንድ ሴቶችን በጥንቃቄ ሲመለከት የኖረ ሰው መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የቋንቋው ነገር ነው። በአማርኛ «መጣሁ»፣ «ወደድሁ»፣ «አለቀስሁ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ተዋናዩ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ሴት አያደርገውም። ሴት የሚያደርገው የጓደኛው ቃል ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው ተዋናይ «አንቺ» ሲለው፣ ሌላው ስለ እርሱ «መጣች» ብሎ ሲናገር፣ ያን ጊዜ ገጸ ባሕርይዋ ትፈጠራለች። አንድ ጊዜ ምላስ ስቶ «አንተ» ቢባል ቀሚሱም ኩሉም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ የአንድ ሰው ሥራ ሳትሆን የቡድኑ ሁሉ ሥራ ነበረች። በቴሌቪዥን ውድድር ላይ አንዱ ከሌላው ልቆ ለመታየት ይፋለማል፤ እዚህ ግን አንዱ የሚቆመው በሌላው ቃል ተደግፎ ነው።

የዚህም ፍጻሜ የታወቀ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ አስናቀች ወርቁ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ተጫውታ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የቴአትር ተዋናይት ለመባል በቃች። አስናቀች ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊትና ተወዛዋዥ ጭምር ነበረች፤ በብሔራዊ ቴአትርም ለብዙ ዓመታት አገልግላ በ2004 ዓ.ም. ዐረፈች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መሆኑም ትርጉም አለው፤ ያለ ኦርዮ ሚስት ሊቆም የማይችል ታሪክ ነውና። የእርስዋና የተከታዮችዋ መምጣት ለመድረኩ ትልቅ ድል ነበር። ማንም የቀድሞው አሠራር እንዲመለስ ሊመኝ አይገባውም።

ነገር ግን ድሉ አንድ ነገር ይዞ ሄደ። የአስናቀች ስም ዛሬም ይነሣል፤ ሙዚቃዋ በዲስክ ወጥቷል፤ ስለ ሕይወትዋም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። ከእርስዋ በፊት እናት፣ ሚስትና ሙሽራ ሆነው የተጫወቱት ወንዶች ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ «በዚያን ዘመን የሴት ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ማን፣ በየትኛው ተውኔት፣ ልብሱን ከማን ተውሶ፣ አረማመዱን ከማን ተምሮ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ምን ብሎት የሚለው አይጠየቅም።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የድራግ ውድድሩ ባለሙያ ሲሳካለት ይበልጥ ይታያል፤ ተመልካቹ ከቀሚሱ በታች ወንድ መኖሩን ማወቁ የጨዋታው ዋና ክፍል ነው። የአዲስ አበባው ተዋናይ ግን ሲሳካለት ይሰወራል። ተመልካቹ እናቲቱን አይቶ ለእናቲቱ ካለቀሰ ሥራው ተፈጽሟል፤ ተዋናዩም ተረስቷል። ከሳተ ሳቅ ያገኛል፤ ካልሳተ ስም አያገኝም። እንዲህ ያለ ሙያ መዝጋቢ ከሌለው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ይህ የመመዝገብ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የማፍረስ ሥራ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ልዩ ልዩ ሠፈሮች ተበትነዋል። በልጅነቱ የሀገር ፍቅርን ትርኢት ያየ፣ ከተዋናዮቹ ጋር በአንድ ግቢ የኖረ፣ ቀሚስ ያዋሰችን ሴት የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ትናንት በአንድ መንደር ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በአራቱም ማዕዘን መፈለግ አለበት። ዕድሜም አይጠብቅም።

ስለሆነም ለማኅበሩ የሚቀርበው አሳብ አጭር ነው። እያንዳንዱ አባል ከሚያውቃቸው አረጋውያን አንዱን ፈልጎ በማነጋገር፣ የሰማውን ከቀኑና ከተናጋሪው ፈቃድ ጋር ጽፎ ለማኅበሩ ያስረክብ። የቴአትር ማስታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የቃል ጥናት ወረቀት በቤቱ ያለው ሰው እንዳይጥለው ይነገረው። በሌላ አገር ለዚህ ዓይነት ባለሙያ ካሜራ፣ ዳኛና ዘውድ ተዘጋጅቶለታል። የአራዳው ባለሙያ ዘውድ አልጠየቀም፤ ፍርድም አልተሰጠውም። ሴቲቱ በር ላይ ቆማ በነበረበት ጊዜ ቦታዋን በሚገባ ጠብቆ፣ ስትመጣ ለቀቀላት። ለዚህ ሰው ስሙን ማግኘት የሚገባው ትንሹ ክፍያ ነው፤ ያም ክፍያ በዚህ ጉባኤ አባላት እጅ ይገኛል።