ሰዓቱ የሚጀምረው ከገሰራ ነው
በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



«ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ስባል ብዙ አሰብኩ። ከመካከላችን መሐንዲሱም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም ስላለ ቀለል አድርጌ አወራለሁ። ሐኪሞች ታገሡኝ።

ከተመረቅሁ በኋላ ዕጣዬ ባሌ ወጣ። ገና ጀማሪ ጠቅላላ ሐኪም ሳለሁ አንድ ቀን ከገሰራ በኩል አንድ ወጣት አመጡልን። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጋሪ ሲጠምድ ፈረሱ ቀኝ ጎኑን ረግጦታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ሆዱ ተወጥሯል፣ እጁ በረዶ ነው፣ የደም ግፊቱ ሊገኝ አልቻለም። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ቀኑ እንጂ ሰዓቱ አልተጻፈም።

ሆዱ ሲከፈት ጉበቱ ተሰንጥቋል። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ጉበት የሚገቡትን የደም ሥሮች አንድ ላይ ቆንጥጦ ያዘ። በግላስጎው ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ1908 የጻፈው፣ እስከ ዛሬም ሕይወት የሚያተርፍ ዘዴ ነው። «ሰዓት ያዢልኝ» አለኝ። ያዝኩ። ከዚያ ደሙን ስመጥ፣ ክር ስቆርጥ ረሳሁት። ቀና ብዬ ሳይ 38 ደቂቃ ሆኗል።

ደሙ ቆመ፤ መቆንጠጫው ተለቀቀ። ሁላችንም ተነፈስን። በማግስቱ ግን የጉበቱ ኢንዛይሞች ብዙ ሺህ ገቡ፤ ቆይቶም ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አባቱ በኦሮምኛ ጠየቁኝ፣ ነርሷ አስተረጎመችልኝ፤ «ልጄ፣ ደሙ ተመልሶለት የለም እንዴ? ታዲያ ከተመለሰለት በኋላ ለምን ባሰበት?»

«ይሻለዋል» ብዬ አለፍኩ። ዛሬ ለእሳቸው ያልሰጠሁትን መልስ ለእናንተ ልስጥ።

ልብ ከምትረጨው ደም ሩብ ያህሉ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው። ያ ደም ሲቋረጥ የጉበት ሕዋሳት ጉልበታቸው ያልቃል፤ ውስጣቸው መወገድ ያለበት ነገር ይጠራቀማል። ደሙ ሲመለስ ኦክሲጅኑ በዚህ ላይ ይደርስና ሕዋስ የሚያቃጥሉ ቅንጣቶች በብዛት ይፈጠራሉ። በጉበት ውስጥ ያሉት ዘብ ሕዋሳት ደግሞ ጠላት የገባ ይመስል ይነሣሉ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ይጠራሉ። ቀጫጭኖቹ የደም መተላለፊያዎች ያብጣሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ደሙ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በከፋ የምግብ እጥረት ተጎድቶ ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን ሙሉ ምግብ በአንዴ አንሰጥም። በኤፍ-75 ወተት በትንሽ በትንሹ እንጀምራለን፤ ምክንያቱም የተራበ አካል ምግቡ ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ጉበትም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሞች ሲችሉ 15 ደቂቃ ይዘው፣ 5 ደቂቃ ለቀው፣ እንደገና የሚይዙት። በንቅለ ተከላ በሠለጠኑ አገሮችም የተለገሰ ጉበት ወደ ተቀባዩ ከመግባቱ በፊት በማሽን ኦክሲጅን ያለው ፈሳሽ ወይም ደም እንዲዘዋወርበት ይደረጋል። በእኛም አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯልና የጉበቱንም ለማየት ያብቃን።

ነገር ግን እኔ ዘንድ ለሚመጣው ሰው ማሽን የለም። ያለው ሰዓት ነው። ጤነኛ ጉበት 38 ደቂቃ ይቋቋም ይሆናል፤ የዚያ ልጅ ጉበት ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ተርቦ ነበር። በወሊድ ደም የሚፈሳት እናትም እንዲሁ ናት፤ ጉበቷን ማንም ሳይቆነጥጠው ይራባል። ሰዓቱ የሚጀምረው ከኦፕራሲዮን ክፍል አይደለም፣ ከገሰራ ነው።

ስለዚህ በጤና ጣቢያ ያላችሁ፣ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉልን። ትራኔክሳሚክ አሲድ ካላችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ስጡ፤ በሽተኛውን አልብሳችሁ ላኩ፤ የባሌ ብርድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በሆስፒታል ያላችሁ፣ ግፊቱ ተስተካከለ ብላችሁ አትተዉት። ስኳሩን፣ የደም መርጋቱን፣ ጉበቱን ቀጣዮቹን ቀናት ተከታተሉ፤ ፓራሲታሞል ስታዙ አስቡበት። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ መቆንጠጡን ስታስተምሩ «ሰዓት የሚጠራ ሌላ ሥራ አይያዝ» በሉልን። መንገድ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም የጉበት ሐኪሞች ናችሁ።

ልጁ በ23ኛው ቀን በእግሩ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማታ ለቀዶ ሐኪሙ «ሰዓቱን ሳልጠራልህ ቀረሁ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም አልጠየቅሁሽም» አለኝ። ለአባትየው ግን ሳልነግራቸው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በገባሁበት ኦፕራሲዮን ሁሉ ደቂቃውን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ወጣቶቹ ሐኪሞች ይሥቁብኛል፤ ይሣቁ።