የወረቀት ቅርጫት ምን ይይዛል? ምንስ አይይዝም?

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ትስስር በሰፊው አብራርተዋል። እኔ ደግሞ ትንሽ ስለሚመስል ነገር፣ ከተጣለ ወረቀት ስለሚሠራ የዕቃ ማስቀመጫ ቅርጫት እንድናገር ተጋብዣለሁ። ከመድረኩ ጎን በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን አይታችኋል። የሴት አባሎቻችን የእጅ ሥራ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሣር እጥረት ነው። እናቶቻችን መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን የሚሰፉት በስንደዶና በአክርማ መሆኑ የታወቀ ነው። እነዚህ ሣሮች ደግሞ የሚበቅሉት በግጦሽ መሬትና በማሳ ወሰን ላይ ነው። በእኔ ቀበሌ የወል ግጦሹ እየጠበበ ስለመጣ ሴቶቹ ሣር ፍለጋ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፤ አለዚያም ከገበያ ይገዛሉ። በሌላ በኩል የተማሪ ደብተር፣ የቆየ ጋዜጣና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በየቦታው ይቃጠላል። ይህን አይቼ ነው ሥራውን ያስተማርኳቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀቱ ስፋቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በቁመቱ ይቆረጣል። በቀጭን ሽቦ ላይ ከጥግ ተጀምሮ ሰያፍ እየተደረገ ይጠቀለላል፤ ጫፉ በሙጫ ይያዝና ሽቦው ይወጣል። እንደ ሸምበቆ ያለ ቀጭን ዘንግ ይሆናል። አንዱን ማርዘም ሲያስፈልግ የቀጠነው ጫፍ በሰፊው ጫፍ ውስጥ ይሰካል። ለመቋሚያ የሚሆኑት ዘንጎች ቁጥራቸው ጎደሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ በአንድ ዘንግ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሉ ሲሸምኑ ዙሩ እየተደገመ ሽመናው አይያያዝም። ሙጫውን 1 ስኒ የስንዴ ዱቄት በ4 ስኒ ውሃ በጥብጦ በማፍላት ማዘጋጀት ይቻላል። ሲያልቅ በውሃ የቀጠነ ኮላ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ በጥላ ይደርቃል። እኔ በመጀመሪያ የሠራኋት ትንሽ ቅርጫት 120 ያህል ዘንግ ጨርሳለች።

ክቡራትና ክቡራን፤ እስካሁን የተናገርኩት በማንኛውም ሥልጠና ላይ የሚነገር ነው። አሁን የምናገረው ግን እኔ በሥልጠናው ላይ ያልተናገርኩትን ነው።

ሥራውን ሳስተምር “ይህ የማስቀመጫ ቅርጫት ነው” አልኩ። የምን ማስቀመጫ እንደሆነ አልተናገርኩም። ከሠልጣኞቹ አንዷ እናት ግን ቃሌን አምነው ትልቅ ቅርጫት ሠሩና ለዘር የመረጡትን 8 ኪሎ ያህል ሽምብራ አስቀመጡበት። ጳጉሜን ላይ ሊዘሩ ሲከፍቱት ቅርጫቱ በክረምቱ እርጥበት ሟሽሿል፤ ታቹን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው ሽምብራ ደግሞ በነቀዝ ተበሳስቷል። ጠርተው አሳዩኝ። አልተቆጡም። “ልጄ፣ ቅርጫት መስሎኝ ለነቀዝ ቤት ሠራሁለት” ብቻ አሉኝ። በዚያ ዓመት ከጎረቤት ዘር ተበድረው ዘሩ።

ስህተቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነው። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በሽምብራው ፍሬ ላይ ነው፤ ትሉ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። እንዲራባ የሚያስፈልገው አየር ነው፤ የወረቀት ቅርጫት ደግሞ አየር እንደ ልብ ያስገባል። እርጥበትም ይስባል። በዲፕሎማ ትምህርቴ የተማርኩትን ለእጅ ሥራው ስል ረሳሁት። ብልህ ከሌላው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። እኔ ከራሴ ተምሬያለሁ፤ እናንተ ከእኔ ተማሩ።

ስለዚህ እህልና ዘር በወረቀት ቅርጫት አይቀመጥም። በሚገባ የደረቀ፣ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር እህል አየር በማያስገባው ከረጢት ይቀመጥ። ፒክስ የምንለው ከረጢት ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው አንድ ማዳበሪያ ሲሆን ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ነቀዙ የውስጡን አየር ሲጨርስ ይሞታል። ጥቂት ዘር ከሆነ ንጹሕና ደረቅ ጄሪካን እስከ አፉ ሞልቶ በደንብ መክደን ይበቃል። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ ግን ፈጽሞ አይነካም።

ታዲያ የወረቀቱ ቅርጫት ምን ይይዛል? ባዘቶና ፈትል፣ የሕፃን ልብስ፣ ጭድ ተነጥፎለት ወደ ገበያ የሚሄድ እንቁላል፣ የማኅበሩን ደረሰኝና የቁጠባ ደብተር ይይዛል። በቀለም የታተመ ወረቀት ስለሆነ እንጀራና ዳቦ በቀጥታ አይቀመጥበትም። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከጭስና ከውሃ ርቆ ይሰቀል።

ሽምብራቸው የተበላባቸው እናት ሥራውን አልተዉትም። እንዲያውም አሻሻሉት። የእኔን ሽመና ትተው ወረቀቱን ጠቅልለው በስፌቱ ውስጥ በሣሩ እስር ቦታ አስገቡት፤ በላዩ ብቻ ሣር እየጠመጠሙ በወስፌ ሰፉት። ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ ያለው፣ አለላ የገባበት፣ የእሳቸው ሥራ ነው። ከእኔ ቅርጫት ይጠነክራል፤ ሣሩም በጣም ጥቂት ነው። እኔ ሣርን በወረቀት ልተካ ነበር የመጣሁት፤ እሳቸው ግን ሣሩ እንዲበረክት አደረጉት። ዛሬ ለሌሎቹ ሴቶች የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ወረቀት አቀርባለሁ።

በመጨረሻም ለዩኒየናችን ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለተጣለ ወረቀት አንድ ከረጢት ይቀመጥ። የሒሳብ ሠራተኞቻችን ግን አይስጉ፤ ኦዲት ያልተደረገ ሰነድ ቅርጫት አይሆንም! የሲሚንቶ ከረጢትም የውጭው ንብርብር ብቻ፣ አቧራው ከቤት ውጭ ተራግፎ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አዲስ ነገር ስናመጣ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን የማይሆንበትንም አብረን እንድንናገር ጠይቁን። “የማስቀመጫ ነው” ስንላችሁ “የምን?” በሉን። ያን ቀን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን 8 ኪሎ የሽምብራ ዘር ይተርፍ ነበር።