የጥቃቅን ዕቃ ማኅደር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለስሙ ትንሽ ነው፤ ይኸውም በትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ስላለው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፤ ይልቁንም ከርሱ ጋራ ለሚኖሩት ጥቃቅን ዕቃዎች በሳጥኑ ውስጥ ስለሚሠራላቸው ማደሪያ ነው። የእጅ ሠራተኞቻችን መሰርሰሪያውን ትራፓኖ፣ የሚበሳውንም ብረት ፑንታ ይሉታል። ሁለቱም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ለምዷቸዋልና ፑንታን በስሙ እጠራዋለሁ።

በእጅ የሚያዘውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ፋይን የተባለው ቤት በፈረንጆች 1895 ዓመት ሠራው። በ1917 ደግሞ በአሜሪካ ብላክና ዴከር እንደ ሽጉጥ ተጨብጦ በጣት የሚሳበውን ዓይነት በስማቸው አስመዘገቡ። መሣሪያው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሳጥኑ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚቈፈረው ለመሣሪያው ለራሱ እንጂ ለጥቃቅኑ ዕቃ ብዙ ጊዜ ስፍራ አይተውለትም። ስለዚህ ፑንታው፣ የመንጋጋው ቁልፍ፣ የካቻቢቴው ጫፍ፣ ፊሸሩና ብሎኑ ሁሉ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ከታች ይጣላል። ከአራዳ ተነሥቶ እስከ ዳባት ወይም እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም በጥርጊያ መንገድ ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት ሲንገላታ ብረት ከብረት ይፋጫል። የብረት ፑንታ ስለቱ ይደንዛል፤ የግንብ ፑንታም ጫፉ ላይ የተበየደው ካርባይድ እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንደ ብርጭቆ ነውና ሲጋጭ ይሸረፋል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። እኔ በጽሕፈት ሥራዬ ብዙ የንብረት ርክክብ ጽፌአለሁ። ትልቅ ዕቃ ሲጠፋ በዚያው ቀን ይታወቃል። የ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ግን የጠፋው በጥቅምት ቢሆን፣ መጥፋቱ የሚታወቀው የተማሪ ወንበር ሊጠገን በሚያዝያ ሲፈለግ ነው። በዚህ መካከል ቁልፍ ያዡ ተለውጧል፤ ተማሪው ገብቶ ወጥቷል፤ ዘበኛውም ሌሊት ሌሊት ሲያድር ከርሟል። ያን ጊዜ ጥርጣሬው በማን ላይ እንደሚያርፍ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዘበኛው ወይም በድኻው ልጅ ላይ ነው። ዋጋው እዚህ ግባ በማይባል ብረት ምክንያት የሰው ስም ሲነሣ አይቻለሁ፤ ፑንታውም ኋላ ከዚያው ሳጥን ስንጥቅ ውስጥ ተገኘ። ዕቃው የራሱ ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ፣ ማታ ሳጥኑ ሲዘጋ ባዶው ቀዳዳ ራሱ በተናገረ ነበር።

ይህ ብልሃት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ማኅደር የሚለው ቃል ኀደረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ማደሪያ ማለት ነው። የዳዊትም ሆነ የሌላ መጽሐፍ ማኅደር የሚሰፋው በመጽሐፉ ቁመትና ወርድ ልክ ነው፤ የጠበበ እንደ ሆነ ሲያወጡና ሲያገቡ የገበታውን ጠርዝ ይፍቀዋል፤ የሰፋ እንደ ሆነም መጽሐፉ በመንገድ ይንገዋለላል። የብራና ጸሐፊውንም የቀለም ቀንድ ተመልከቱ። ቀንድ ታቹ ሹል ነውና ብቻውን አይቆምም፤ ጸሐፊው ግን መሬቱን ወጋ አድርጎ ይተክለዋል፤ ጥቁሩም ቀዩም በየስፍራው ስለሚቆም ብዕሩን ሲያጠቅስ አይሳሳትም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መሰርሰሪያው በሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ የተረፈውን ባዶ ስፍራ ፈልጉ። ስፋቱን በካርቶን ቅደዱ፤ ካርቶኑ ያለ ግፊት ገብቶ እስኪወጣ ድረስ እየከረከማችሁ አስተካክሉት። ለከፍታው ግን ሜትር አይበቃም፤ ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ አይታይምና። ስለዚህ ጥቂት ሊጥ በፌስታል ጠቅልላችሁ በባዶው ስፍራ አቁሙና ክዳኑን ዝጉ፤ ስትከፍቱት የተጨፈለቀው ሊጥ ያለውን ከፍታ ያሳያችኋል። ከዚያ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀንሱ። ሊጥ ማባከን ነው የሚል ሰው ቢኖር ጭቃም ይሆናል።

በተለመደው ልክ የ3 ሚሊ ሜትር የብረት ፑንታ ርዝመቱ 61፣ የ6ቱ 93፣ የ10ሩ 133 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያህል ረጅም ነገር በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ፑንታዎቹን የሚይዘው እንጨት በሳጥኑ ውስጥ በጎኑ የሚተኛ፣ ሲወጣ ግን እንደ ቀለም ቀንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ይሁን። ዋንዛ መልካም ነው፤ ለመሥራት ይገራልና። ባሕር ዛፍ ግን በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ቀዳዳው ከፑንታው በግማሽ ሚሊ ሜትር ይስፋ፤ ጥልቀቱም ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሁን። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ጣት የሚያስገባ ስፍራ ተዉ። የካቻቢቴው ጫፍ ባለ 6 ማዕዘን ነው፤ ከጠፍጣፋ እስከ ጠፍጣፋ 6.35 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ከ7 ይበልጣልና ቀዳዳውን 7.5 አድርጉት። ለመንጋጋው ቁልፍ ግን ቀዳዳ አይበቃውም፤ ቅርጹን በእርሳስ ነድፋችሁ በመሮ ፈልፍሉለት። ፑንታው ስለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይግባ፤ የብረቱና የግንቡ በዓይን ይለያልና። በመንገድ እንዳይሾልክም ከአሮጌ ጎማ የተቈረጠ ላስቲክ ከላይ አሳልፉበት። ቁጥሩን በጋለ ምስማር ጻፉ፤ ቀለም በዘይት ይጠፋል።

ማኅደርን ስላመሰገንሁ ውስጡን ቆዳ አልብሱት ማለቴ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ለብራናው የተስማማው ለብረቱ አይስማማም፤ በክረምት ዝገት ያመጣበታል። ፑንታውን የስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርጎ ማስገባት ይሻላል።

መብራት የሌለው ትምህርት ቤት ባትሪ ያለውን መሰርሰሪያ ይዞ ባትሪውን ወደ ከተማ ልኮ የሚያስሞላ እንደ ሆነ፣ ባትሪውና ያልታሰረ ብሎን ከቶ በአንድ ስፍራ አይደሩ። ብሎኑ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ያገናኘ እንደ ሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በመካከላቸው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አቁሙ።

ቈጠራውን ለተማሪዎች በየተራ ስጡ። በክዳኑ ውስጥ የቀዳዳውን ብዛትና ቁጥር የያዘ ወረቀት ለጥፉ፤ ርክክብም በዚያ ይሁን። የተሰበረ ፑንታ ቢኖር ስባሪው አዲሱ እስኪገዛ ድረስ ወደ ቀዳዳው ይመለስ፤ በመዝገብ መሰበርና መጥፋት አንድ አይደሉምና። ኋላ ለሚገዛውም 2 ወይም 3 ቀዳዳ አትርፋችሁ ብሱ፤ በአጠገባቸው ግን ቁጥር አትጻፉ፤ በወረቀቱም አታስገቧቸው፤ ያለዚያ የሚረከበው ሰው የጠፋ ዕቃ ነው ብሎ ይጠይቅባችኋል።