በባዕድ አገር የትምህርት ግዴታ የሚያበቃው በስንት ዓመት ነው?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚሰናዱትን፣ ከእነዚህም ውስጥ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆነ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች የሚመለከት ነው። ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው በዚህ ረገድ ብዙ አይቸገርም፤ ሕፃኑ ከአገሬው ልጆች ጋራ አብሮ ፊደል ቆጥሮ ያድጋልና። ወጣቱ ግን የሚደርሰው ዘሩ ተዘርቶ፣ አረሙ ታርሞ፣ አጨዳው ሲቃረብ ነው። የቀረው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ፣ ወላጆቹ የአገሩን ሕግ ሳያውቁ የሚያሳልፉት አንድ ዓመት ለእርሱ እጅግ ብዙ ነው።

በእኛ አገር ልማድ አንድን ልጅ ስናገኝ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብለን ነው። ዘግይቶ የጀመረ፣ ወይም በሕመም፣ በመከር ሥራ፣ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ በ18 ዓመቱ 8ኛ ክፍል ቢገኝ የሚደነቅ ሰው የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው የልደቱን ቀን ነው። የሚገባበት ክፍል በአብዛኛው የሚወሰነው፣ ሕጉ የሚያስገድደውም ሆነ የሚለቀው በዚህ ቀን መሠረት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቍጥሮችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ልጁ እስከዚያ ድረስ ትምህርት ቤት የመሄድ ግዴታ ያለበት ዕድሜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እስከዚያ ድረስ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የመማር መብት ያለው ዕድሜ ነው። ሁለቱ በብዙ ቦታ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራትና አምስት ዓመት ያህል ይርቃል። ወገኖቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ሕጉ አያስገድደውም» የተባለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ጊዜው አልፎበታል» ወደሚል ይለወጣል፤ ልጁም ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ሥራ ይሰማራል።

ነገሩ እንዲገባን የእንግሊዝን አገር ሕግ እንመልከት። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት፣ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1880 የወጣው ሕግ ልጆችን ሁሉ እስከ 10 ዓመታቸው ድረስ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ አስገደደ። ከዚያ በኋላ ዕድሜው በ1893 ወደ 11፣ በ1899 ወደ 12፣ በ1918 በወጣው ሕግ ወደ 14፣ በ1947 ወደ 15፣ በ1972 ወደ 16 ከፍ አለ። በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ ወጣቱ ከ2013 ጀምሮ እስከ 17፣ ከ2015 ጀምሮ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ከትምህርት ወይም ከሥልጠና እንዳይለይ አዘዘ። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ የሚሠራው በእንግሊዝ ብቻ ነው፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ አይሠራም።

እንግዲህ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በለንደን ከተማ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ትምህርት ቤቱን ሊለቅ ይችላል፤ ነገር ግን እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ሙሉ ጊዜውን ይማራል፣ ወይ ከአሠሪ ዘንድ ሆኖ ሙያ ይለማመዳል፣ ወይም በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ይሠለጥናል። መሥራት የተከለከለ አይደለም፤ መሥራት ብቻ ግን አይበቃም።

የመልቀቂያው ቀንም ልጁ 16 ዓመት የሞላበት ዕለት አይደለም። አዲሱ የትምህርት ዘመን ከመጀመሩ በፊት 16 ዓመት የሚሞላው ልጅ መልቀቅ የሚችለው በጁን ወር የመጨረሻው ዓርብ ነው። የእንግሊዝ የትምህርት ዘመን የሚቆጠረው ከሴፕቴምበር 1 ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን የተወለደ ልጅና በማግስቱ ነሐሴ 26 ቀን የተወለደ ጓደኛው በአንድ ቀን ልዩነት ምክንያት አንድ ሙሉ ዓመት ይራራቃሉ። በስኮትላንድ ደግሞ ከማርች መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ 16 ዓመት የሚሞላው ልጅ ከሜይ 31 በኋላ ሊሰናበት ይችላል፤ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ የሚሞላው ግን እስከ ገና ዕረፍት ይጠብቃል።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ በቀን የሚለካ ከሆነ፣ የልደት ቀናችንን ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነርሱ ስንመልስ መጠንቀቅ አይገባንምን? ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ለተወለደ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጕሜን ለተወለደው 8 ነው። በ2002 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ሚካኤል ዕለት የተወለደች ልጅ ትክክለኛ ቀኗ ኖቬምበር 21 ቀን 2009 ነው። ጻፊው ሳያስተውል 8 ቢደምር 2010 ይሆንና ልጅቷ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ታንሳለች። በእንግሊዝ አገር በጁን 26 ቀን 2026 ልትለቅ የምትችለው ልጅ እስከ 2027 ልትቈይ ነው ማለት ነው። በሚያዝያ ለተወለደው ልጅ 8 በመደመር ፈንታ 7 ቢደመር ግን ነገሩ ይብሳል፤ ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ያረጅና ያለ ክፍያ ከሚማርባቸው ዓመታት አንዱ ይሰረዝበታል።

በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓመተ ምሕረት ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የሚያቀርቡት የክርስትና ወረቀት ወይም የክሊኒክ ካርድ ነው፤ እርሱም ከጠፋ የእናት ቃል ብቻ ይቀራል። በስደት ያለፉ ብዙዎች ደግሞ ቀኑ ባለመታወቁ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፎላቸዋል። አንዳንዶች ለሥራ ብለው ሆን ብለው ዕድሜ ያስጨምራሉ። ፓስፖርት ላይ አንድ ጊዜ የሰፈረን ቀን በባዕድ አገር ለማስለወጥ መሞከር ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚፈጅ ነገር ነውና፣ ስሕተቱ እዚሁ ሳለ ቢታረም ይሻላል።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዲቪ ዕጣ፣ በቤተ ሰብ ጥሪ ወይም በስደት ወደዚያ የተሻገሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለሆኑ ነገሩን ትንሽ ማስፋት ይገባል። በዚያ አገር ለሁሉ የሚሠራ አንድ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይደነግጋል። ማሳቹሴትስ የመጀመሪያውን የግዴታ ትምህርት ሕግ ያወጣው በ1852 ሲሆን፣ ሚሲሲፒ ከሁሉም ኋላ የተከተለው በ1918 ነው። ዛሬም በዋሽንግተን ከተማና በቨርጂኒያ ግዴታው እስከ 18 ዓመት ነው። ሜሪላንድ በ2015 ወደ 17፣ በ2017 ወደ 18 አሳደገው። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛትም 18 ነው። በሚኒሶታና በኮሎራዶ 17፣ አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ 16 ነው። ቴክሳስ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ 19 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያስገድዳል።

እነዚህ የግዴታው ቍጥሮች ናቸው። የመብቱስ? በሜሪላንድ ማንኛውም ወጣት 21 ዓመት እስኪሞላው ያለ ክፍያ ትምህርት ቤት ይገባል። በጆርጂያ ግዴታው በ16 ቢያበቃም መብቱ እስከ 20 ይደርሳል። ቨርጂኒያ ከ12 ዓመት ዕድሜው በኋላ መጥቶ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ እስከ 22 ዓመት ድረስ በር ትከፍታለች። በቴክሳስ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደም እስከ 26 ዓመት ድረስ ያልጨረሰውን ሊጨርስ ይችላል። እንግዲህ 17 ዓመት ሆኖት አትላንታ የደረሰን ልጅ አጎቱ «ሕግ አያስገድድህም፤ እኔ የምሠራበት መጋዘን ና» ሲለው፣ የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ሦስት ዓመት ያህል በነፃ ሊማር እንደሚችል አልነገረውም። አጎቱን ለመውቀስ አይደለም፤ የቤት ኪራዩን የሚያውቀው እርሱ ነው። የሆነ ሆኖ የ12ኛ ክፍል ዲፕሎማ የሌለው ሰው በዚያ አገር ከመጋዘን ወደ ሌላ ሥራ ለማለፍ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በሰጠው ፍርድ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ ተማሪዎችን ያለ እርዳታ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ ወስኗል። በ1982 ደግሞ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም ተብሎ ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ፈርዷል። ስለሆነም «ቋንቋ አይችልም» ወይም «ወረቀቱ አልተሟላም» የሚለው ቃል ለመመለስ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ስለ ሌሎቹ አገሮች በአጭሩ ልለፍ። በጀርመን አገር የሙሉ ጊዜ ግዴታው እንደየክፍለ አገሩ ይለያያል፤ በባቫሪያ 9 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ዓመቱ ድረስ በሙያ ትምህርት ቤት ይታሰራል፤ ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማርም ክልክል ነው። በስዊድን ግዴታው በ9ኛ ክፍል ቢያበቃም፣ አዲስ ገቡ ወጣት ቋንቋ እየተማረ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚዘጋጅበት ልዩ ትምህርት አለ፤ ዋናው ነገር 20 ዓመት የሚሞላበት ዓመት አጋማሽ ሳያልፍ መጀመሩ ነው። የእስራኤል የግዴታ ትምህርት ሕግ በ1949 ወጥቶ በ2007 እስከ 12ኛ ክፍል እንዲደርስ ተወስኗል። በ1984 እና በ1991 በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻዎች ከአገራችን ከሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተልከው እንደነበር ይታወቃል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ግን የብዙ ወገኖቻችን ችግር ዕድሜ ሳይሆን ክፍያ ነው፤ የባዕድ ሰው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው በግል ትምህርት ቤት ነውና።

አንድ ልማዳችንን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ቋንቋውን ቶሎ የሚለምደው ልጅ ስለሆነ እናት ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ አባት መሥሪያ ቤት ሲጠራ፣ የ15 ዓመቱ ልጅ ከክፍል ቀርቶ አስተርጓሚ ይሆናል። ለእኛ ይህ ወላጅን መርዳት ነው፤ በእነርሱ መዝገብ ግን ያለ ፈቃድ መቅረት ተብሎ ይጻፋል። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ብሎ ልጁን በትምህርት ወራት ወደ አዲስ አበባ ማምጣትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2024 ኦገስት ጀምሮ ያለ ፈቃድ ለቀረ ልጅ የሚቆረጠው መቀጫ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ ከዚያ እስከ 28 ቀን ከዘገየ 160 ፓውንድ ነው፤ እናትና አባት እያንዳንዳቸው ስለ እያንዳንዱ ልጅ ይከፍላሉ። ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በጊዜው ቢከፍሉ እንኳ 320 ፓውንድ ነው። ሐኪም ቤቱን አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል፤ በብዙ ቦታም ያለ ክፍያ ይቀርባል።

ከመነሣታችሁ በፊት እንግዲህ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የየዓመቱን ውጤት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱንና የክትባት ወረቀቱን አሰባስቡ፤ አስተርጕማችሁም አረጋግጡ። በተለይ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚቆጠረው በተማሩት ትምህርት ዓይነትና ብዛት ስለሆነ፣ እዚህ ያለፈው ሒሳብና ፊዚክስ በወረቀት ካልቀረበ ልጁ እንደገና ከ9ኛ ክፍል ሊጀምር ይችላል። ለ17 ዓመቱ ልጅ ይህ እስከ 21 ዓመት መቀመጥ ማለት ነው።

ከደረሳችሁም በኋላ ቤት እስክናደራጅ ብላችሁ ወራት አታሳልፉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሰፈሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሁለቱንም ቍጥሮች ጠይቁ፤ ግዴታው እስከ ስንት ዓመት፣ መብቱስ እስከ ስንት ዓመት ነው በሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ከሌላ ግዛት የመጣ ዘመድ የሚነግራችሁ የራሱን ግዛት ሕግ ነው። ጸሐፊው ልጁን አይቶ «ዕድሜው አልፏል፤ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ይሂድ» ቢላችሁ፣ ወዲያው እሺ ብላችሁ አትመለሱ። በየትኛው ሕግ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጠን በሉት፤ ወረቀቱንም ይዛችሁ ወደ በላዩ ኀላፊ ሂዱ።