ከአሮጌ ኮምፒዩተር ስለ ሠራነው የምስል መቅረጫ
(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተሰማ ንግግር)



አዲስ የካሜራ መቅረጫ መግዛቱ ስለ ከበደን በቢሮአችን ጥግ አቧራ የጠጣውን ኮምፒዩተር ለሥራ እንዳዋልነው ታውቃላችሁ። ወጣቶቻችን የ1 ቴራባይት ዲስክ ገጠሙለት፤ ሊኑክስ ጭነው ዞንማይንደር የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አስገቡበት። 4ቱም ካሜራዎች በኔትወርክ ገመድ ተገናኙ፤ የአንዱ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ተጠንቅቀናል። ምስሉን አጭቆ የሚልከው ካሜራው ራሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ተቀብሎ ማስቀመጥ ብቻ ስለሆነ እርጅናው አላስቸገረውም። እያንዳንዱ ካሜራ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ሲልክ በቀን 21 ጊጋባይት ተኩል ግድም ይሆናል። ዲስኩ የ11 ቀን ያህል ይይዛል፤ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል።

እስከዚህ ደግ ነበር።

ባለፈው ወር ከመጋዘናችን 2 ትልልቅ ድስትና የድንኳን ብረት ተሰረቀ። ቀረጻውን ብናየው ሌባው ሲገባ ሰዓቱ 02:00 ይላል። ይህ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ነው፤ የሌሊት ዘበኛችን ተራ። ሽማግሌው «ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም» ብለው ቢምሉ አላመንናቸውም። የግማሽ ወር ደሞዛቸውን ያዝንባቸው።

ኋላ አንዱ ወጣት የኮምፒዩተሩን ክዳን ከፍቶ ቢያይ፣ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ሞታለች። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ቀን በ11 ሰዓት ተመለሰ፤ ማሽኑም ሲነሳ ከዜሮ ጀምሮ ቆጠረ። እንግዲህ ሌባው የገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የዘበኛው ተራ የሚጀምረው ደግሞ በ2 ሰዓት ነው!

ቀረጻው ላይ ዓመቱም 2010 ይል ነበር። እኛ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው ብለን አለፍነው፤ የፈረንጁ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል እንጂ መች ያንሳል? ይህን ተማሪ ልጆቻችን ይስቁብናል።

አባታችንን በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። የያዝንባቸው ገንዘብ ዛሬውኑ እንዲመለስላቸው ድምፅ ስጡልን። ባትሪዋ ተለውጣለች፤ ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው። ተረኛው በየሳምንቱ ሰኞ የማሽኑን ሰዓት ከሬዲዮ ሰዓት ጋር አስተያይቶ በመዝገብ ይፈርማል። አንዱ ካሜራ ወደ ጓሯችን ያያል ብላችሁ ያመለከታችሁ እናቶችም፣ ወደ መንገዱ አዙረነዋል፤ ከስብሰባው በኋላ ቢሮ ገብታችሁ ምስሉን እዩት።